ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ መስመር

መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው። አንዱ ከምድር ቤት ቀጭ ይላል። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፣ ክሩ የተበጠሰ መቁጠሪያ ደረጃ ላይ እንደሚበተን፣ ግን ወደ ላይ። ዘጠና ስድስት ቁልፍ ነው። የመጨረሻው አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀጭ ሲል የኮሪደሩ መብራት ገና አልበራም። ሰዉ በጨለማው ውስጥ በሩን ገፋ አድርጎ ሳህን ይዞ ይወጣል።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ነው። አዳማ፣ ብሎክ 41፣ 2089 ዓ.ም።

ሦስት ደቂቃ አላቸው። የብሎኩ በሮች ያለ ምዝገባ የሚከፈቱት በእነዚህ ሦስት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በቀረው ሰዓት ጎረቤት ቤት መሄድ የፈለገ ሰው በዋዜማው ለሣጥኑ ይነግራል፤ ሣጥኑ ለጎረቤቱ ሣጥን ይነግራል፤ የጎረቤቱ ሣጥን ይስማማል፣ ወይም አይስማማም። ሽሮ ለማቅመስ ደግሞ በዋዜማው የሚመዘገብ የለም። ስለዚህ ሰዉ ያችን ሰዓት ይጠብቃል። ስሟን አሳጥረው «ሦስቷ» ይሏታል። «ሦስቷ ሳትደርስ ድንቹን አውጪው።» «በሦስቷ ብቅ እላለሁ።» በብሎኩ ውስጥ ሁለት ትዳር የተጀመረው በሦስቷ ነው። አንድ ትዳርም የፈረሰው በሦስቷ ነው።

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ይትባረክ አይወጣም። ቁልፉ ቀጭ ሲል ከበሩ ፊት ለፊት ያለች ወንበር ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል። ሦስቱ ደቂቃ አልቀው ቁልፉ ሲመለስ ተነስቶ እራቱን ያሞቃል። ስምንት ዓመት እንዲህ አድርጓል። ወባ የያዘው ሰሞን ፍራሹን ጎትቶ በሩ ፊት አንጥፎ ነበር።

እያንዳንዱ ቤት ከበሩ በላይ፣ ድሮ ቆጣሪ ይሰቀልበት በነበረው ቦታ፣ የጫማ ካርቶን የምታህል ሰርቨር አለው። ሰርቨር የሚለው የለም፣ ሣጥኑ ነው የሚባለው። ውኃውን፣ መብራቱን፣ በሩን፣ ደብዳቤውን፣ የልጆቹን ውጤት ሣጥኑ ይይዛል። ቤቱ ምን መምሰል እንዳለበት ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። በየቀኑ ጎህ ሲቀድ አስተካካዩ ይመጣል። ይመጣል ይባላል እንጂ የሚመጣ ነገር የለም። ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ይነበባል፣ ቤቱ ይታያል፣ ከዝርዝሩ ዝንፍ ያለ ነገር ከተገኘ ይመለሳል። ማታ ማራገቢያውን ከፍ ያደረገ ሰው ጠዋት ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። የሚቆጣው የለም፣ የሚያስጠነቅቀው የለም። ተመልሷል፣ በቃ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ማታ ማታ እየቀየረ ጠዋት ጠዋት ይሳደብ ነበር። ከዚያ ደከመው።

ዝርዝሩ የይትባረክ ቤት ዝርዝር ነው። በ2082 ለአንድ ብሎክ አንድ ዝርዝር የሚል መመሪያ ሲወርድ የነዋሪዎች ኮሚቴ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ሦስት እሑድ ተከራከረ። በሦስተኛው እሑድ ዝናብ ጣለ። ሰብሳቢው ጋሽ ቶሌራ ወንበራቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው እየሮጡ፣ «ያ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት የተቀመጠው ልጅ፣ የእሱ ቤት ድምፅ የለውም፣ የእሱን ገልብጡና እንገላገል!» አሉ። ተገለበጠ። ይትባረክም ዝርዝር ጠባቂ ተባለ። ከመገልበጡ በፊት የቤቱን የግል ነገር እንዲያወጣ ተነግሮት ነበር። አብዛኛውን አውጥቷል።

ስለዚህ ዘጠና ስድስት ቤት በአንድ ቤት ልማድ ይኖራል። ውኃው የሚሞቀው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፣ ይትባረክ የሚታጠብበት ሰዓት ስለነበር። ሬዲዮው ዜናው ከተጋመሰ በኋላ ይበራል፤ የብሎኩ ሰው አደጋው የት እንደደረሰ ሳያውቅ ስንት ሰው እንደተጎዳ ይሰማል። ማክሰኞ ማክሰኞ ሲመሽ መብራቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እዚህ የተወለዱ ልጆች ማክሰኞ በተፈጥሮው ጨለማ ይመስላቸዋል። አንዷ ትምህርት ቤት ስለ ሳምንቱ ቀናት ስትጠየቅ «ማክሰኞ ቀስ ብለው የሚያወሩበት ቀን ነው» ብላ ጻፈች። መምህሯ የሰባተኛ ፎቅ ነዋሪ ስለሆነች ትክክል ሰጠቻት።

ማክሰኞ የረድኤት ነው። ሦስቷም የረድኤት ናት።

ረድኤት የይትባረክ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እሷ ሃያ። አሳደገችው። ባትሪ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው፤ ማክሰኞ የፍተሻ ቀን ስለሆነ ነጭ መብራት ሥር ትውልና ራሷን እያመማት ትመጣለች። የሠራተኛው አውቶቡስ በአንድ ሰዓት ከአምስት ያወርዳታል። ሁለት እጇ ሙሉ ስለሚሆን በሩን በትከሻዋ ነበር የምትገፋው፤ ተቆልፎ ሲያስቸግራት በሩን ትረግማለች። ይትባረክ አሥራ ሰባት ዓመቱ ላይ ሁለት መስመር ጻፈላት። በአንደኛዋ ማክሰኞ ሲመሽ መብራቱ ይቀንሳል። በሁለተኛዋ፣ በሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ፣ አንድ ሰዓት ከአሥር ሲሆን በሩ ለሦስት ደቂቃ ይላላል። ያን ቀን ረድኤት በሩ በእሺታ ሲከፈትላት ሣቀችና «አንተ ልጅ በረኛዬ ሆንክ?» አለችው።

በ2081 ሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ፣ በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ዳቦና ቲማቲም ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የበር ካርዷንም አጠገቡ አኖረች። «ዳቦው ትኩስ ነው፣ አትክደነው» አለች። ከዚያ በሩ ሳይቆለፍ ወጣች።

አልተጣሉም ነበር። ቢጣሉ ይሻል ነበር።

በሕጉ ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ ያልተቆጠረ ሰው ከበሩ ይሠረዛል። አስተካካዩ በዓመቱ፣ አንድ ንጋት፣ ረድኤትን ሠረዘ። ከዚያ ወዲህ ያ በር አያውቃትም። ብትመለስ ገፍታ ልትገባ የምትችለው በቀን ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። የብሎኩ ዝርዝርና የእሱ ቤት ዝርዝር ደግሞ አንድ ነው፤ መስመሯን ለሌላው ሲል ቢያወጣት ከራሱም በር ትወጣለች። ስለዚህ አላወጣትም። የጠየቁትን ሁሉ «ከሥር የመጣች ናት፣ ከተነካች ሁሉም ነገር ይናዳል» አላቸው። አመኑት። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ነው።

ማቆየቱ ቀላል አልነበረም። በየስድስት ወሩ ከላይ አዲስ አጻጻፍ ይመጣል፤ ስድስት መቶውን መስመር አንድ በአንድ ወደ አዲሱ የሚያሻግረው ዝርዝር ጠባቂው ነው። ያልተሻገረ መስመር ይቀራል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፦ «ለዚህ መስመር ምክንያት አልተጻፈም። ይቀጥል?» ይትባረክ «ይቀጥል» ይለዋል። አሥራ አራት ጊዜ ብሎታል። አሁን አሁን ጥያቄው ሳይመጣ ጣቱ ይቀድማል።

ግንቦት ላይ እማማ አፀደ ጠፉ።

አራተኛ ፎቅ፣ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ነው የሚኖሩት። የመርሳት ሕመም አለባቸው። ሣጥኑ ብቻቸውን እንዳያስወጣቸው ተመዝግቧል፤ ሦስቷ ግን ይህን አታውቅም። ሰናይት ሁልጊዜ በዚያች ሰዓት ጀርባዋን በሩ ላይ ለጥፋ ትቆማለች። ያን ሐሙስ አውቶቡሱ ዘገየባት። ዘበኛው ጋሽ መንበሩም በሩ ላይ አልነበሩም፤ ምድር ቤት አንዷ ሳህን ሽሮ ዘርግታላቸው ሊቀበሉ ገብተው ነበር። እማማ አፀደ በማግስቱ እኩለ ቀን ወንጂ መንገድ፣ ሸንኮራ አገዳው ዳር ተቀምጠው ተገኙ። አንድ እግራቸው ጫማ አልነበረውም። ማንን ፍለጋ እንደወጡ ሲጠየቁ «ልጅ ሊገባ ነው አሉኝ» አሉ።

በሳምንቱ ቁልፎቹ ቀጭ ሲሉ የይትባረክ በር ተገፋ።

ተነስቶ ቆመ። ወንበሯ ከኋላው ወደቀች። ግን በሩ የተገፋው በእጅ ነበር፣ በትከሻ አይደለም። ሰናይት ናት።

«ምነው ደነገጥክ?» አለች። «ሰው ትጠብቃለህ እንዴ?»

«አይ። ግቢ።»

«አልቀመጥም፣ ጊዜ የለኝም። እናቴን ከወንበር ጋር አስሬያት ነው የመጣሁት። በነጠላ። ሰማኸኝ ይቱ? እናቴን አስሬ።»

ይትባረክ የወደቀችውን ወንበር አነሳ።

«ይህችን ነገር አጥፋልኝ» አለችው።

«ሰኒ፣ ከሥር የመጣች ናት፣ ከተነካች...»

«ይናዳል። አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይናዳል። አምና የፍሪጁን ቀየርክልን፣ ምን ተናደ? ካቻምና የአሳንሰሩን ቀየርክ። አንድ ጡብ ወደቀ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «እስኪ ዓይኔን እያየህ አይጠፋም በለኝ። ካልክ አምኜህ እወርዳለሁ።»

ዓይኗን አየው። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ እንቅልፍ ያላገኘ ዓይን ነበር። ይትባረክ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ካርድ ዞረ። ሰናይትም ተከትላ አየችው። ስም አለበት። አቧራ ግን የለበትም፣ በየቀኑ ስለሚጠረግ።

«እሑድ ስብሰባ አስጠርቻለሁ» አለች፤ ወጣች። ወዲያው ቁልፉ ተመለሰ።

እሑድ ነፋስ ነበር። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሰው ካልተቀመጠባቸው ይሄዱ ነበርና ሁሉም ቶሎ ተቀመጠ። ጋሽ ቶሌራ አጀንዳውን ሊያነቡ ሲሉ ነፋሱ ወረቀቱን ወሰደው፤ በቃል ተናገሩ።

«ሦስቷ ከጠፋች እኔ ከማን ጋር ላወራ ነው?» አለች የሰባተኛ ፎቋ መምህርት። «ከሣጥኑ ጋር?»

«ከባልሽ ጋር አውሪ» አላት አንዱ ከኋላ።

«ባሌ ከሣጥኑ በምን ይሻላል?»

ተሣቀ። ሰናይት አልሣቀችም። እናቷን ይዛ መጥታለች፤ እማማ አፀደ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ነፋሱን በጥርጣሬ ያዩታል።

«የእኔ ጥያቄ አጭር ነው» አለች ሰናይት። «ትጠፋለች ወይስ አትጠፋም? እሱ ይንገረን።»

ሁሉም ወደ ይትባረክ ዞረ። ነፋሱን ሰበብ አድርጎ ዓይኑን አሸ። ስምንት ዓመት የተሸከመውን ነገር ቀና ብሎ አየውና በጣም ትንሽ ሆነበት፤ አንድ መስመር ነው።

«ትጠፋለች» አለ።

«ምን?» አሉ ጋሽ ቶሌራ።

«ትጠፋለች። ምንም አይናድም። የእህቴ ናት። ማታ ስትመጣ በሩ እንዳያስቸግራት ብዬ ነው የጻፍኳት።»

አንዲት ባዶ ወንበር ተንሸራታ ግድግዳው ጋ ቆመች።

«ማክሰኞስ?» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ።

«ማክሰኞም የእሷ ነው። ራሷን ያማት ነበር።»

«ሬዲዮውስ?» አለ ያ ከኋላ ያለው።

«ሬዲዮው የእኔ ነው። ቀድሜ መንቃት አቅቶኝ ነው።»

ጋሽ ቶሌራ ሣቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ አፈሩና ኮፍያቸውን አወለቁ። «እና እኛ ሰባት ዓመት...» አሉ። ተቆጡ ለማለት ያስቸግራል። የቁጣ ጉልበት ያለው ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም።

ጋሽ መንበሩ ከበሩ አጠገብ፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ «እኔ ነኝ ያን ቀን በር ላይ የነበርኩት» አሉ።

ይትባረክ ወደ እሳቸው ዞረ። የብሎኩ በር በራሱ ነው የሚከፈተው፤ ጋሽ መንበሩ የተቀመጡት የብሎኩ መዝገብ ላይ «የበር ሰው» የሚል ቦታ ስላለና ባዶ መሆን ስለማይችል ነው።

«እህቴ ስትወጣ?»

«አዎ። 'ጋሼ፣ ደህና እደሩ' አለችኝ። ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ወደ መናኸሪያው። ሻንጣ አልያዘችም።»

«ስምንት ዓመት ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ» አሉ ጋሽ መንበሩ፣ «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

እጅ ተቆጠረ። ጋሽ ቶሌራ ሁለቴ ተሳስተው በሦስተኛው ትጥፋ የሚለው መብለጡን ተናገሩ። ብዙ አልበለጠም። ማክሰኞ ማታ የመጨረሻዋ እንድትሆን፣ ረቡዕ ንጋት ላይ አስተካካዩ ይዟት እንዲሄድ ተወሰነ። ማክሰኞን ግን ማንም እጅ አላወጣበትም። «እሷን ተዉልን» አለች መምህርቷ፣ «ልጆቹ ይደናገራሉ።» ሰናይት እናቷን ደግፋ ስትነሳ በይትባረክ አጠገብ አለፈች፤ ትከሻውን በእጇ ነካ አድርጋ ሄደች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ይትባረክ ስክሪኑን ከፈተ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ወረደ። ዓይኑን ጨፍኖ ሊነካው ፈልጎ ነበር፣ ግን ስክሪኑ ጠየቀው፦ «የሚጠፋበት ምክንያት?» ጥያቄውን ረጅም ጊዜ አየው። ከጎረቤት ሬዲዮ፣ ስንት ሰው እንደዳነ ሲነገር ሰማ፤ ከምን እንደዳኑ አልሰማም። ቦታውን ባዶ ትቶ አለፈ። መስመሯ ቀይ ሆነች። ጎህ ሲቀድ ትሄዳለች።

ከዚያ ወደ ማክሰኞዋ መስመር ወጣ። እሷም ምክንያት አልተጻፈላትም ነበር። ጻፈላት፦ «ረድኤት ራሷን ያማት ነበር።» ስክሪኑ አመሰገነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ ገዝቶ ተመለሰ። መሽቶ መብራቱ ወደ ሩብ ወረደ። ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

ቀጭ አለ ከታች። ቁልፎቹ እየተከታተሉ ወጡ፤ ዘጠነኛ ፎቅ ደረሱ፤ የእሱ በር በጣት ስፋት ገርበብ አለ። ይትባረክ በክፍተቱ በኩል ኮሪደሩን አየ። ሰዉ ከወትሮው በዝቶ ወጥቷል። ድስቱን ይዞ የወጣ አለ። የሚያወራ ግን የለም፤ ማክሰኞ ነው፣ ደግሞም የመጨረሻዋ ናት።

ደቂቃ ሙሉ ጠበቀ። ከዚያ ተነሳ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከኪሱ የበር ካርዱን አወጣና ከረድኤት ካርድ አጠገብ አኖረው፤ እንዳይነጣጠሉ በጣቱ አስጠጋቸው። በሩን በትከሻው ገፋው፤ እጁ ባዶ ነበር።

አምስቱን ፎቅ ሮጦ ወረደ። «ይቱ ወጣ!» የሚል ድምፅ ከኋላው ሰማ፣ ከዚያ ሣቅ። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ሲገፋው ከበደው፤ ሰናይት ጀርባዋን ለጥፋ ቆማ ነበር። ዞራ በስንጥቁ አየችው።

«ይህን ያዢው» አላት። የዝርዝር ጠባቂው ቁልፍ ነው፤ ጥቁር፣ የጣት ያህል።

«ለምንድነው የምትሰጠኝ?»

«ማክሰኞዋን አትንኪያት።»

«ይቱ፣ ምን ሆነሃል? በሩ ሊቆለፍ ነው እኮ፣ ወደ ቤትህ ውጣ!»

ከውስጥ፣ ከድንግዝግዙ፣ እማማ አፀደ አንገታቸውን አስግገው፣ «አንተ ልጅ» አሉ፣ «እራትህን ሳትበላ ወዴት ነው?»

ይትባረክ አያቸው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸውና ደረጃውን ወረደ። ሰናይት ልትከተለው አንድ እርምጃ ወጣች፤ እናቷም አብረዋት ሊወጡ ተነሱ። ተመለሰችና ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

ግቢው ባዶ ነበር። ጋሽ መንበሩ ዛሬ ሽሮ ሊቀበሉ አልገቡም፣ በሩ ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ ደህና እደሩ» አላቸው ይትባረክ።

«ደህና እደር» አሉ፤ ከዚያ ማን እንደሆነ ሲገባቸው በትራቸውን አነሱ፤ ግን አልጠሩትም።

ከኋላ ቁልፎቹ ተመለሱ። ይትባረክ ከውጭ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ከውጭ ሲሰማ ዘጠና ስድስት አይደለም፣ አንድ በር ነው።

ጋሽ መንበሩ ወዴት እንደታጠፈ አይተዋል። እስካሁን የጠየቃቸው የለም።